የፓፑዋ ተራሮች የራቁት ከመንገድ እንጂ ከዘመን አይደለም፦ በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፓፑዋ ተራራማ መንደሮች በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰንብቷል። እኔም ከሦስት ወዳጆች በተለያየ ቀን ደርሶኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ በማናውቀው የምድር ጥግ ስለሚኖሩ ሰዎች እንድናስብ ማድረጉም ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ከላኩልኝ ወዳጆች አንዱ ከሥሩ «ተመስገን፣ እኛስ ደኅና ነን» ብሎ ጽፎበት ሳይ፣ ጽሑፉ በአንባቢ ልብ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ምን እንደ ሆነ ገባኝ። ያ ስሜት የቆመባቸው መረጃዎች እውነት ቢሆኑ ኖሮ ዝም እል ነበር፤ አብዛኞቹ ግን እውነት አይደሉም።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም በመጀመሪያ ላስቀምጠው። ፓፑዋ በሚባለው፣ በኢንዶኔዥያ ሥር በሚገኘው የኒው ጊኒ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ በተለይም በባሊየም ሸለቆና በዙሪያው ባሉ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች እስከ ዛሬ በድንጋይ ዘመን ውስጥ እንዳሉ ይናገራሉ፤ ለዚህም የድንጋይ መጥረቢያን፣ በዛፍ ላይ የተሠሩ ቤቶችንና የሰው ሥጋ መብላትን በማስረጃነት ያቀርባሉ። ቀጥለው እነዚህ ሰዎች እርሻን ስለማያውቁ ጫካው በሚሰጣቸው እንደሚኖሩና ረኃብ የሚያገኛቸውም ከስንፍና የተነሣ እንደ ሆነ፣ ከዓለም የተነጠሉትም በራሳቸው ምርጫ እንደ ሆነ ይጽፋሉ። መንግሥት ከ20 ዓመታት በላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ለውጥ ያልመጣው ባህላቸው ስለማይቀበለው ነው የሚለው አራተኛው ነጥባቸው ሲሆን፣ መደምደሚያቸው ደግሞ እነዚህ ሰዎች በድህነታቸው ደስተኞች ስለ ሆኑ እንዳሉ ቢተዉ ይሻላል የሚል ነው። በእኔ እምነት አምስቱም ነጥቦች ከአንድ ስሕተት ይመነጫሉ፤ እርሱም የቦታን ርቀት የዘመን ርቀት አድርጎ መውሰድ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ድንጋይ መጥረቢያው ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የባሊየም ሸለቆ ከነሰፊ እርሻው በውጭው ዓለም የታወቀው በ1938 አንድ የአሜሪካ የምርምር ቡድን በአውሮፕላን ሲያልፍበት ነበር፤ ሚስዮናውያን በ1954 ገቡ፤ ያኔ ግዛቱን ይዞ የነበረው የኔዘርላንድ አስተዳደርም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዛሬ የሸለቆው ዋና ከተማ በሆነችው ዋሜና ላይ ጣቢያ ከፈተ። ስለዚህ በድንጋይ መጥረቢያ ዛፍ የቆረጡ ሽማግሌዎች እስከ እኛ ዘመን ኖረዋል። ከዚህ የሚከተለው ግን ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒው ነው፤ የብረት መጥረቢያ በደረሰባቸው መንደሮች ድንጋዩን ለመተው ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1962 በጃያፑራ በተመሠረተው የቼንደራዋሲህ ዩኒቨርሲቲም የተራራው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሲማሩ ኖረዋል። አንድ ሕዝብ የብረት መሣሪያ ያልያዘው ብረት ስላልደረሰው ከሆነ፣ ይህ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ሰዎቹ አእምሮ የሚነግረን ነገር የለም። ዛሬ በዋሜና ገበያ ከዛፍ ልጥ ክር የተጎነጎነውን ኖኬን የተባለ ከረጢት ከግንባሯ ወደ ጀርባዋ ያንጠለጠለች ሴት በእጇ ስልክ ብትይዝ፣ ሁለቱም የአንድ ዘመን ዕቃዎች ናቸው።

በዛፍ ላይ ስለሚሠሩት ቤቶች የተጻፈው ደግሞ ሌላ ሕዝብንና ሌላ ምድርን ከባሊየም ጋር የሚያምታታ ነው። ዛፍ ላይ ቤት በመሥራት የታወቁት ኮሮዋይ የሚባሉት፣ ከተራሮቹ በስተ ደቡብ ባለው ሞቃትና ረግረጋማ ቆላ የሚኖሩ ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ መሬት ላይ በተሠሩ መንደሮች ይኖራሉ። በተለይ እጅግ ከፍ ብለው የሚታዩትን ቤቶች በጥርጣሬ መመልከት ይገባል። ቢቢሲ በ2011 ባሳየው ፊልም ላይ አንድ የኮሮዋይ ቤተሰብ በጣም ከፍ ያለ የዛፍ ቤት ሠርቶ ሲገባ ይታይ ነበር፤ ቤቱ ለቀረጻው ሲባል የተሠራ መሆኑ ኋላ ላይ ስለ ታወቀ ጣቢያው ራሱ በ2018 ስሕተቱን አምኗል። ካሜራ የያዘ ሰው የሚፈልገውን ካወቁ፣ ያንኑ ሠርተው የሚያሳዩ ሰዎች የዘመናቸውን ገበያ በሚገባ የተረዱ ናቸው።

የሰው ሥጋ መብላትን በሚመለከት አጭር መልስ ይበቃል። ጸሐፊው የጠቀሱት፣ የሟችን አካል በመብላት የሚተላለፈው ኩሩ የተባለው የአንጎል በሽታ የታየው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በ1975 ነጻ በወጣችው በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በፎሬ ሕዝብ ዘንድ ነው። ልማዱ የሞተ ዘመድን የመቅበሪያና የማልቀሻ ሥርዓት አካል እንጂ አደን አልነበረም፤ እስከ 1960 አካባቢም ቆሟል። በሽታው በሰውነት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ ብቻ ታማሚዎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ታይተዋል። በኢንዶኔዥያው ክፍል ቆላ አስማት በሚባለው ሕዝብ ዘንድ በቀደመው ዘመን የራስ ቆረጣ ልማድ እንደ ነበር አልክድም፤ ነገር ግን የቀረ ነገር ዛሬም እንዳለ ተደርጎ ሲጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ የሳቱት ስለ እርሻ በጻፉት ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ተራሮች ኩክ በሚባል ረግረጋማ ሥፍራ የተደረገ ቁፋሮ፣ ሰዎች ቢያንስ ከ7,000 ዓመታት በፊት አፈር እየከመሩ፣ በኋላም ቦይ እየቀደዱ ተክል ያለሙ እንደ ነበር አሳይቷል፤ ዩኔስኮም ሥፍራውን በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኒው ጊኒ ተራሮች እርሻ ከሌላ ሳይወሰድ ከራሱ ከፈለቀባቸው ጥቂት የዓለም ማዕዘናት አንዱ ናቸው። ሸንኮራ አገዳ በሰው እጅ መልማት የጀመረው በዚያ ደሴት ነው፤ ዛሬ የምንበላው ሙዝ የዘር ሐረግም ከፊሉ ከዚያው ይመዘዛል። ወንጂ ላይ የሚታጨደው አገዳና ከአርባ ምንጭ የሚጫነው ሙዝ፣ ጸሐፊው «እርሻ የማያውቁ» ባሏቸው ሰዎች አባቶችና እናቶች እጅ ያለፈ ዘር አለበት።

የዛሬውን የባሊየም እርሻ ስንመለከት ደግሞ የምናየው ከባድ ሥራ ነው። የሸለቆው ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ውኃ የሚተኛበት ሥፍራ ብዙ ነው። ዳኒ የሚባሉት የሸለቆው ሰዎች ወንዶቻቸው በሹል እንጨት፣ ዛሬ ዛሬ በአካፋም፣ ጥልቅ ቦዮችን ይቆፍራሉ፤ ቦዩ ትርፉን ውኃ ያስወጣል፤ በቦዩ የተጠራቀመው ጭቃም እየተዛቀ መደቡ ላይ ይደፋና ማዳበሪያ ይሆናል። ሴቶች ይተክላሉ፣ ያርማሉ፣ በየቀኑም ቆፍረው በኖኬን ተሸክመው ይመለሳሉ። ዋናው ሰብል ስኳር ድንች ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ወደ ተራራው የደረሰው ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ ሲሆን፣ ተራራው ተቀብሎት አመጋገቡን፣ የአሳማ እርባታውንና የጋብቻ ጥሎሹን ሁሉ በዙሪያው አደራጅቷል። ባህላቸው አዲስ ነገር አይቀበልም ለሚል ሰው ይህ አንድ ሰብል ብቻውን በቂ መልስ ነው። የሥራው ሸክም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይከብዳል የሚለውን የጸሐፊውን አስተያየት ግን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ።

ታዲያ ረኃቡ ከየት ይመጣል? ስኳር ድንች እንደ እህል ተወቅቶ በጎተራ አይቀመጥም። ጎተራው ማሳው ራሱ ነው፤ ተራፊው ደግሞ ለአሳማ ይሰጥና አሳማው የቤተሰቡ ቁጠባ ይሆናል። ይህ አኗኗር ዝናብ ሳይቋረጥ ለሚዘንብበት ተራራ የተስማማ ነው። ኤል ኒኞ በሚበረታበት ዓመት ግን ሰማዩ ደመና ያጣል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ መንደሮች የስኳር ድንቹ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። እንደገና ተተክሎ ለመብላት እስኪደርስ ከግማሽ ዓመት በላይ ይጠብቃሉ። በ2015 እንዲህ ሆኗል፤ በ2022 ላኒ ጃያ ወረዳ ውስጥ በኩያዋጌ፣ በ2023 ደግሞ ፑንቻክ ወረዳ ውስጥ በአጋንዱጉሜ ውርጭና ድርቅ ተመሳሳይ ጥፋት አድርሰዋል፤ በአጋንዱጉሜ ቢያንስ 6 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ እርዳታው የዘገየው አውሮፕላን በአየሩ ጠባይና በጸጥታው ሁኔታ ምክንያት እንደ ልብ ማረፍ ስላልቻለ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስንፍና የቱ ላይ እንደሚገባ ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በባሊየም ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች አረቢካ ቡና ያመርታሉ፤ የዋሜና ቡና በኢንዶኔዥያ ከተሞች የታወቀ ነው። ከእኛ ጫካ የወጣው ተክል እዚያ ተራራ ላይ በቅሎ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ዋሜና ይወርዳል፤ ከዋሜና ወደ ባሕሩ ጠረፍ የሚደርሰው ባብዛኛው በአውሮፕላን ነው። ኪሎው ሲሸጥ የጭነቱ ዋጋ ከገበሬው ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ይህን እያወቀ ቡና ተክሎ የሚንከባከብ ሰው ከዓለም መነጠልን የመረጠ ሰው ሊሆን አይችልም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ የወሰደኝም ይኸው ነው። ጸሐፊው መንደሮቹ መንገድ አይፈልጉም ይላሉ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን በእነዚያ ተራሮች ብዙ የአውሮፕላን ማረፊያዎች የተሠሩት መንደርተኛው ራሱ ገደሉን እየቆፈረ፣ ድንጋዩን እየፈነቀለ፣ አፈሩን በእግሩ እየደለደለ ነው። ሜዳ ስለሌለ ማረፊያዎቹ ሽቅብ የተጋደሙ ናቸው፤ አውሮፕላኑ ዳገት እየወጣ ያርፋል፣ ቁልቁል እየተንደረደረ ይነሣል። ጎብኚ የማይፈልግ ሰው በገዛ ጉልበቱ ደጅ አይጠርግም።

የርቀትን ዋጋ በገንዘብ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሲሚንቶን ይመልከት። የኢንዶኔዥያ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ ደጋግመው ይናገሩት እንደ ነበረው፣ በጃቫ ደሴት 60 እና 70 ሺህ ሩፒያ የሚሸጥ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዋሜና ላይ 800 ሺህ፣ ከዚያ አልፎ ባሉት ተራሮች እስከ 2.5 ሚሊዮን ሩፒያ ይሸጥ ነበር። ቤንዚንም በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሊትሩ 6,450 ሩፒያ በነበረበት ጊዜ እዚያ እስከ 100 ሺህ ይደርስ ነበር፤ በ2016 በያሁኪሞ ወረዳ ይፋ የተደረገው፣ ነዳጅ በአገሪቱ ሁሉ በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ የሚለው ፖሊሲ የወጣውም ለዚህ ነው። ለመማሪያ ክፍል መሥሪያ ሲሚንቶ ከሌላው ሥፍራ ከአሥር እጥፍ በላይ ይከፈልበት የነበረን መንደር ክፍል ስለሌለው ብቻ ትምህርት የጠላ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስረጃ አቅርበዋል፤ ልዘለው አልፈልግም። በ2018 መጨረሻ በንዱጋ ወረዳ ትራንስ ፓፑዋ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ይሠሩ የነበሩ ከ15 በላይ ሠራተኞች ተገድለዋል። ግድያው ምንም ማመካኛ የሌለው ወንጀል ነው። ነገር ግን የፈጸመው ለነጻነት እዋጋለሁ የሚል የታጠቀ ቡድን እንጂ የስኳር ድንች ገበሬው አይደለም፤ ከግድያው በኋላ በተከተለው ወታደራዊ ዘመቻ ቤቱን ጥሎ የሸሸው ግን ገበሬው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በ2022 እንዳስታወቁት ከ2018 ወዲህ በፓፑዋ የተፈናቀሉት ሰዎች ከ60,000 እስከ 100,000 ይገመታሉ። ገበሬው መንገዱን በጥርጣሬ የሚያይበትም ታሪክ አለው፤ ግዛቱ ከኔዘርላንድ እጅ ወጥቶ በ1963 ወደ ኢንዶኔዥያ አስተዳደር ሲገባ ነዋሪው አልተጠየቀም፤ በ1969 ሕዝቡ ወሰነ ሲባልም ድምፅ የሰጡት ከ800,000 ገደማ ነዋሪዎች መካከል የተመረጡ ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ ተወካዮች ነበሩ፤ የግዛቱን መዳብና ወርቅ የማውጣት ውል ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1967 ተፈርሞ ነበር። መንገዱን ከወታደሩ ጋር አብሮ ሲመጣ ያየ ሰው ቢፈራው፣ ፍርሃቱ ከአስፋልቱ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ጸሐፊው ያሉት በመጠኑ ረገድ ትክክል ነው። ከ2001ዱ የልዩ ራስ ገዝ ሕግ ወዲህ ፓፑዋ ማዕከላዊ መንግሥት ለክልሎች ከሚያከፋፍለው ጠቅላላ ድጎማ 2 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ በጀት ስታገኝ ቆይታለች፤ በ2021 ወደ 2.25 በመቶ ከፍ ብሏል። ድህነቱ ግን እንዳለ ነው፤ በ2022 የአገሪቱ የድህነት መጠን ከ10 በመቶ በታች ሲሆን በፓፑዋ ክፍለ ሀገር 26 በመቶ ገደማ ነበር። ከኢንዶኔዥያ የወባ ታማሚዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የሚገኙት በፓፑዋ ምድር ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ባህሉን ይከሳሉ። እኔ ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንዳለፈ እጠይቃለሁ። የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ ገዥ በ2023 በሙስና ጥፋተኛ ተብለው የ8 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። በ2012 በፓፑዋ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናትም ከሦስት መምህራን አንዱ ገደማ በክፍሉ እንዳልተገኘ፣ በተራራማ ወረዳዎች ደግሞ መቅረቱ የባሰ እንደ ነበር አሳይቷል።  መምህሩ ባልመጣበት ክፍል ተማሪውን «ትምህርት አይቀበልም» ማለት አግባብ አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ የባህል ክሱን የሚያፈርሰው አስማት በሚባለው ወረዳ የሆነው ነው። አስማት በደቡቡ ጠረፍ የሚገኝ፣ ምድሩ ሁሉ ጭቃና ወንዝ የሆነ ወረዳ ነው፤ ሰዎች ሳጎ ከሚባል ዘንባባ ግንድ በሚወጣ ዱቄትና በዓሣ ይኖራሉ፣ ከመንደር መንደር የሚኬደው በጀልባ ነው፣ ዋና ከተማው አጋትስ እንኳ በእንጨት ረብራብ ላይ የቆመ ነው። ከ2017 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ በዚያ ወረዳ በኩፍኝና በምግብ እጥረት ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የኩፍኝ ክትባት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ላይ ያለ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። ወደ እነዚያ መንደሮች በጊዜው ያልደረሰው ክትባቱ በቅዝቃዜ መያዝ ስላለበት፣ የጀልባው ነዳጅ ውድ ስለ ሆነ፣ ጤና ኬላዎቹም ባለሙያ ስላልነበራቸው ነው። ሞቱ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የሕክምና ቡድኖች በጀልባና በሄሊኮፕተር ሲሄዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተከተቡ። ባህሉ የማይቀበል ቢሆን ኖሮ እነዚያን ልጆች አዝላ ወደ ከታቢዎቹ ያመጣቻቸው ማን ናት?

የቀረው «ደስተኞች ናቸውና ይተዉ» የሚለው መደምደሚያ ነው። ይህ ሐሳብ ከጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ በአንድ ገጽ በስንፍና የተራቡ፣ በሌላው ገጽ ምንም ያልጎደላቸው ደስተኞች ሊሆኑ አይችሉም። በድግስ ቀን ድንጋይ በእሳት አግለው በጉድጓድ ውስጥ ሥጋና ስኳር ድንች በቅጠል ሸፍነው ሲያበስሉ፣ መንደሩ ሁሉ ከብቦ ሲበላ ያለው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊው ይህን በጥሩ ሁኔታ ገልጸውታል። ነገር ግን ደስታ የሚያውቅ ሰው ልጁ በወባ ሲያተኩስ መድኃኒት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ሆናይ በሚባለው ክብ የሣር ቤት መካከል የሚነደው እሳት የተራራውን ሌሊት ያሞቃል፤ ጢሱ ግን ሳንባን ይጎዳል፤ የቤቱ ባለቤቶችም የሚያስሉት ሳል እንደሌላው ሰው ያማቸዋል።

«መተው» ራሱም በእውን ያለ አማራጭ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወታደሮች ወንዶቹ የሚለብሱትን፣ ኮቴካ የሚባለውን ከቅል የተሠራ የኀፍረት መሸፈኛ ለማስወለቅ ዘመቻ አካሂደውባቸዋል። በ2022 ዋሜናን ያቀፈው ተራራማ ምድር ከፓፑዋ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆኗል፤ በኢንዶኔዥያ ክፍለ ሀገሮች መካከል ባሕር የማይነካው እርሱ ብቻ ነው፤ ሕጉን ያጸደቀውም በጃካርታ ያለው ምክር ቤት ነው። በዚያው ዓመት የተራራው ሰዎች አዲሱን ክፍፍል ሲደግፉና ሲቃወሙ ሰልፍ ወጥተዋል፤ የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን የሚያውቁና የሚናገሩ ናቸው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ውስጥ አንዱን እንኳ ምን እንደሚፈልግ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁ ኖሮ ስለ መምህር፣ ስለ ነርስና ቀኑን ስለማያሳልፍ አውሮፕላን ይሰሙ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ለዚህ ምላሽ የሚሰጡ ከሆነ በአክብሮት አነባለሁ። ሌላውን ሁሉ ቢተዉ እንኳ፣ በአስማት ወረዳ ስለ ሞቱት ልጆች የሚሉትን ብሰማ እወዳለሁ።